ላዩ የአሻግሬ፣ ታቹ የቦንሳ

አሻግሬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። በአምቦና በዙሪያዋ በድንበር የተካሰሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሜትሩን ዘርግቶ፣ ችካሉን ተክሎ፣ ይሄ የእናንተ፣ ይሄ የእነሱ ካለ አበቃ፤ ሽማግሌም ዳኛም አያስፈልግም ይባልለት ነበር። እንግዲህ በሰው መሬት አንዲት ስንዝር ያልሳተው ይህ ሰው ነው በገዛ ጓሮው አንድ ክንድ ተኩል ቆፍሮ ዛሬም ድረስ የሚቆጨውን ስህተት የሠራው። ሲያወራው ራሱን አይምርም። ባይምርም አይፈረድበትም።

ነገሩ የጠመንጃ ነገር ነው። ጠመንጃ ሲባል ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክላሽ ወይም ምንሽር እንዳይመስላችሁ። የአደን ጠመንጃ ነው፤ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ቤልጅግ አገር የተሠራ። አፈሙዞቹ ደግሞ እንደሌላው ጎን ለጎን የተኙ አይደሉም፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቧል። ይሄ ምን ለውጥ አለው የሚል ሰው ተኩሶ አያውቅም ማለት ነው። ጎን ለጎን የሆነው ሲያነጣጥሩበት ሰፍቶ ፊት ይጋርዳል። ይሄኛው አንዲት ቀጭን መስመር ናት፤ ዓይን በላይዋ ሄዶ ሄዶ ወፏ ላይ ያርፋል። ትከሻ ላይ ሲያስደግፉት ልክ እዚያው የተፈጠረ ይመስላል። በብረቱ ግራና ቀኝ ከሣር ውስጥ የሚነሡ ሁለት ወፎች ተቀርጸውበታል፤ ላባቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥይት አጉርሰው ሲዘጉት "ቅጭ" ይላል፣ አንዴ ብቻ። አሻግሬ ያችን ድምፅ ከማንም ዘፋኝ ያስበልጣት ነበር።

ጠመንጃው የመጣው ከጌዶ ነው። አሻግሬ ጎረምሳ ቀያሽ ሆኖ ጌዶ የተመደበ ጊዜ ያደረው ኦቦ ዋቅጋሪ ቤት ነበር። ኦቦ ዋቅጋሪ የታወቁ አዳኝ ናቸው። ድሮ ጉደር ላይ ወፍጮ የነበረው አንድ ፈረንጅ አደን ሲወጣ መንገድ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ፤ ሰውየው አገሩ ሲገባ ጠመንጃውን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ልጃቸው ቦንሳ የአሻግሬ እኩያ ነው። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ወንድም ሆኑ። ቀን አሻግሬ ሲለካ ቦንሳ ገመድ ይይዝለታል፤ ሲመሽ አንድ ገበታ ይቀርባሉ። አሻግሬ ኦሮምኛውን ያቀላጠፈው፣ ቦንሳም አማርኛውን ያለዘበው በዚያ ዓመት ነው።

ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ ሁለቱንም አስጠሩና ጠመንጃውን አልጋቸው ላይ አስቀምጠው ተናዘዙ። አንድ ጠመንጃ ለሁለት ሰው እንዴት ይናዘዛሉ እንዳትሉ፤ ኦቦ ዋቅጋሪ መላ አላጡም። ታቹ አፈሙዝ ቀድሞ የሚተኩሰው ነው፤ ጥይቱን በትኖ ቅርብ ያለውን ይመታል፤ እሱ የቦንሳ ይሁን አሉ። ላዩ ጥይቱን ሰብስቦ ሩቅ ይደርሳል፤ እሱ የአሻግሬ ይሁን አሉ። አንዳችሁ የሌላውን አፈሙዝ እንዳትተኩሱ ብለው አስማሏቸው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሳቀ። አሻግሬም ያኔ የሽማግሌ ቀልድ መስሎት ነበር። ሽማግሌው ምን እንዳደረጉ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አደን እንዳይወጣ አድርገው አስረዋቸው ነበር የሞቱት።

እነሱም ቃሉን ጠበቁ። በየዓመቱ ጤፍ ታጭዶ ሲያበቃ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አሻግሬ ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጌዶ ይሄዳል። የፈቃዱ ወረቀት በእሱ ስም ስለሆነ ጠመንጃው የሚቀመጠው አምቦ፣ እሱ ቤት ነው። ሁለቱ ማለዳ ተነሥተው ገለባው ውስጥ ቆቅ ፍለጋ ይወጣሉ። ቆቅ ደግሞ ተንኮለኛ ናት፤ መንጋው ብር ሲል አንዷ ወደኋላ ትቀራለች፤ ሰው አለቀ ብሎ ሲዘናጋ ነው የምትነሣው። ቦንሳ መንጋው ላይ ታቹን ይተኩሳል፣ ጠመንጃውን ሳያይ ወደ ቀኝ ይዘረጋዋል፤ አሻግሬ ተቀብሎ በላዩ የዘገየችዋን ይጠብቃል። ያችን ቅብብል ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። የጌዶ ሰው፣ እነዚህ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት በአንድ ጠመንጃ ይኖራሉ እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እነሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሃያ ስምንት ዓመት እንዲሁ አደኑ። ቆቅ የያዙበት ዓመት አለ፤ ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ይበልጣል።

በቀሩት ወራት አሻግሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃውን አውጥቶ ይፈታዋል፣ ዘይት ያጠጣዋል፣ ሰደፉን በጨርቅ ይወለውላል። ዘነበወርቅ፣ ሚስቱ፣ ጣውንቴ መጣች ትለው ነበር። እሷ የአምቦ ልጅ ናት፤ ምላሷ ቀልጣፋ፣ ልቧ ግን የዋህ። ጠመንጃዋን እንደምታብሳት የቤቱን መስኮት ብታብስልኝ ምን ነበረበት ብላ ትነዘንዘዋለች። እሱም ይስቃል። ጥሩ ዓመታት ነበሩ፤ ጥሩ መሆናቸውን ማን አወቀ።

ከዚያ 2009 መጣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መሣሪያ ቤት ለቤት ሊፈተሽ ነው የሚል ወሬ ከተማውን አዳረሰው። አንዱ ዛሬ ነው ይላል፣ አንዱ ነገ ነው ይላል፤ በዓይኑ ያየ ግን የለም። የአሻግሬ ጠመንጃ ፈቃድ አለው፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማኅተሙም አልደበዘዘም። ዘነበወርቅ ይህንኑ ነገረችው። እሱ ግን ወረቀቱን ማን ያነባል አላት። ጠመንጃውን ቢወስዱብኝ ለቦንሳ ምን ብዬ እነግረዋለሁ አላት። አያችሁ፣ የቀበረው ለቦንሳ ብሎ ነው። ይህንን ደጋግሞ ይናገረዋል፤ ሲናገረው ግን የሚጽናና አይመስልም።

እሷ ገበያ የወጣች ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ጠመንጃውን በዘይት ነክሮ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሲባጎ አስሮ ጓሮ ወረደ። ከአጥሩ ጥግ ያለው አፈር ለስላሳ ነበር። ዶማው ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ሰረገበት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቆፍሮ፣ ቀብሮ፣ ጎመን ተከለበት። ያ ጥግ ለምን ለስላሳ ሆነ ብሎ ራሱን አልጠየቀም። የአምቦ ሰው ሆኖ ይህንን አለመጠየቅ ምን ይባላል። ከተማው ሥሩ ሁሉ ውሃ ነው፤ ያም ጠርሙስ ሲገባ ደስ የሚለው፣ ብረት ሲያገኝ የሚበላው ውሃ። በዚያ ጥግ በኩል ያለውን የአጥር ቆርቆሮ አሻግሬ ራሱ ሁለት ጊዜ ቀይሮታል፤ ምስማሩ አንድ ክረምት አይሻገርም። መሬት ለክቶ ያረጀ ሰው፣ የገዛ ጓሮውን መሬት ረሳው። ፍርሃት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ፈታሽ እሱ ቤት አልመጣም። ወሬው በረደ፤ ጠመንጃው ግን አልወጣም። ዛሬ ነገ ሲል፣ ገና አልረጋም ሲል ሁለት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አደንም አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ጥይት ማሰማት ሰው ማስደንበር ነው ተባብለው ተዉት። ከቦንሳ ጋር በስልክ ብቻ ነበር የሚገናኙት።

ኅዳር 2011 ላይ ቦንሳ ደወለ። እንደ ልማዱ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጁ ስለ ለሊሴ አወራ። ለሊሴ አግብታ እዚያው ጌዶ ነው የምትኖረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዓይኑን ሐኪም አይቶለት ነበር። ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፤ ሞራ አይደለም፤ የዓይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውንም ጠብታው ትንሽ ያቆየው እንደሆነ እንጂ አያድነውም አሉት።

"አሁን መሐሉ ይታየኛል፤ ዳር ዳሩ ጨልሟል" አለው ቦንሳ። "ሳይጨልም አንድ ቀን እንውጣ። አንዲት ጥይት ታቹን ልተኩስ፣ ከዚያ ይበቃኛል። ታኅሣሥ ላይ ይዘህልኝ ና።"

አሻግሬ እሺ አለ። እሺ ያለውም ከልቡ ነው። በማግስቱ ዘነበወርቅን ጠርቶ፣ ጎመኑን ነቅሎ ቆፈረ። ገና ሳይደርስበት ውሃው ሽቅብ ይፈልቅ ጀመር። ያን ጊዜ ገባው። ዶማውን ለእሷ ሰጣት፤ ያወጣችውም እሷ ናት። ላስቲኩ በአንድ በኩል ተቀዶ ነበር። ሰደፉ ሲይዙት እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። አፈሙዞቹ ቀይ ዝገት ሆነዋል፤ አንዱ የት ጨርሶ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም። ወፎቹ የሉም። የነበሩበት ቦታ ላይ ብረቱ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተቦርቡሯል። ሊከፍተው ሞከረ፤ አልከፈት አለው። አሻግሬ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ዘነበወርቅ በተጋቡ በሠላሳ ዓመታቸው ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ነው።

ብረታ ብረት ቤት ያለው ገብረአማኑኤል የሚባል ወዳጅ አላቸው። ቤት ድረስ ተጠርቶ መጥቶ አየው። አገላብጦ፣ በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ፣ ጋሼ ይሄ ከእንግዲህ ጥይት ቢገባበት የሚፈነዳው ተኳሹ ፊት ላይ ነው አለ። የሚበየድም፣ የሚሞረድም የለውም። አንጥረኛ ቢጠራ፣ መካኒክ ቢጠራ፣ ነገሩ ያው ነው አለው። ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

እዚህ ላይ ነበር ስልኩን አንሥቶ መናገር። ቀብሬው ዝጎብኛል ማለት ስንት ቃል ነው። ዘነበወርቅ ደውልለት አለችው። እሱ ግን አፉ አልታዘዝ አለው። ታኅሣሥ ሲደርስ፣ ጠመንጃው ፈቃድ ሊታደስ ገብቶ ገና አልወጣም ብሎ ለቦንሳ ዋሸው። ቦንሳም አመነው። እንግዲህ ለከርሞ ይሁን፣ መሐሉ ገና ይታየኛል አለው። ይህች "ይታየኛል" ናት አሻግሬን እስከ ዛሬ የምትበላው።

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ሰበብ አያጣም። በከርሞው ፈቃዱ ዛሬም አልወጣም አለው፤ ወዲያው ኮሮና ገባ፣ ሰው ከሰው አይገናኝ ተባለ፤ አሻግሬ ደስ አለው ማለት ይከብዳል፣ ግን እፎይ አለ። በሌላው ዓመት መንገዱ ሰላም አይደለም ተባለ፤ እውነት ነበር፤ እሱ ግን ሰላም በሆነ ሰሞንም አልሄደም። ኔትወርክ ሲጠፋ ጠፋ ይላል፤ ሲመጣም ጠፍቶ ነበር ይላል። ጌዶ ሄዶ ቦንሳን ፊት ለፊት ማየት አቃተው። ባየው ይናዘዛል፤ ከተናዘዘ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት ያመነው ሰው ሌላ ዓይነት አድርጎ ያየዋል። ይህንን ፈራ። ጠመንጃ ያስቀበረው ያው ፍርሃት ነው፤ መልኩን ለወጠ እንጂ።

በ2013 የሠራው ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ለሊሴ ደውላ፣ አባቷን ለዓይኑ አምቦ እንደምታመጣውና ከሐኪም ቤት ሲወጡ እነሱ ቤት ጎራ እንደሚሉ ነገረችው። አባባ አንተን ካላየሁ አልመለስም ብሏል አለችው። አሻግሬ እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ በነጋታው ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጉደር ሄደ። ዘነበወርቅን ለአስቸኳይ ጉዳይ አዲስ አበባ ተጠራ በይ አላት።

"ብረቱን ቀበርከው፤ አሁን ደግሞ ራስህን ልትቀብር ነው?" አለችው። በሩ ላይ ቆማ፣ ጫማውን ሲያስር እያየችው።

ጫማውን አስሮ ወጣ። ጉደር ድልድዩ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ከጧት እስከ ዐሥር ሰዓት ተቀመጠ። ከአምቦ የሚመጣ መኪና ባየ ቁጥር አንገቱን ይደፋል፤ ወደ ጌዶ የሚመለሱት በዚያው በፊቱ ነውና። እንዲህ ያለ ቀን ለጠላት አይመኙትም። ማታ ቤቱ ሲገባ ዘነበወርቅ አልጮኸችበትም። ኦቦ ቦንሳ መጥቶ እንደነበር፣ ምሳ ቀርቦለት ጥቂት ቀምሶ እንደተወው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ወደ በሩ ዞሮ እንደተቀመጠ ብቻ ነገረችው። ስለ ጠመንጃው ጠየቀ ወይ ብሎ ቢጠይቃት፣ አንድ ጊዜም ስሙን አላነሣም አለች።

ከዚያ በኋላ ስልኩ እየሳሳ ሄደ። በዓል ሲሆን እንኳን አደረሰህ ይባባላሉ፤ በቃ። በ2015 ፋሲካ ላይ ያነሣችው ለሊሴ ናት። አባባ አሁን ብርሃንና ጨለማም አይለይም አለችው። በእጁ እየዳሰሰ ደጅ ይወጣል፣ ፀሐይዋን በፊቱ ያውቃታል አለችው። አሻግሬ ምን ብሎ እንደመለሰላት አያስታውስም።

የሄደው በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው፤ የአደኑ ወር ላይ፤ ለምን ያን ወር እንደመረጠ ራሱም አያውቅም። ዝገቱን ይዞ አልሄደም፤ በየኬላው ፍተሻ ነው፣ የዛገም ጠመንጃ ጠመንጃ ነው። አፉን ብቻ ይዞ ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲደረድር፣ መልሶ ሲያፈርስ ጌዶ ደረሰ። ጤፉ ታጭዷል። ማሳው ወለል ብሎ ይታያል።

ቦንሳ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ለሊሴ አባባ ማን እንደመጣ ገምት ስትለው፣ ገና ሳይናገር በእግሩ ኮቴ አወቀው። "ኮቱ፣ አሻግሬ፣ ና ተቀመጥ" አለው፤ አጠገቡ ያለውን ግንድ በእጁ መታ መታ አደረገለት። ለሊሴ ውሃ ላምጣ ብላ ትታቸው ገባች።

አሻግሬ ሰላምታውን እንኳን አላዳረሰም። እንደተቀመጠ ሁሉንም አፈረጠው፤ ቀብሩን፣ ውሃውን፣ ዝገቱን፣ የፈቃዱን ውሸት፣ ጉደር ሻይ ቤት የተቀመጠበትን ቀን። እያለቀሰ ነው የተናገረው። ቦንሳ አላቋረጠውም፤ ፊቱን ወደ ማሳው አድርጎ ሰማው።

"በ2011 ስደውልልህ ዝጎ ነበር ማለት ነው" አለ ቦንሳ።

"ዝጎ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልመጣህም?"

"ምን ይዤ ልምጣ ቦንሳ? ተኩስ ነበር የለመንከኝ።"

"ዱላ ይዘህ ትመጣ ነበር" አለ ቦንሳ። ድምፁ አልጨመረም። "እኔ ለጠመንጃ መች አጣሁ? እዚህ ያለው ጎረቤት ሁሉ ያውሰኝ ነበር። ማሳው ላይ ካንተ ጋር ልቁም ብዬ ነው። ቆቋ ስትነሣ ዱላዬን አነጣጥሬ፣ ላንተ አቀብልህ ነበር። አባቴ እንዴት አድርጎ እንደሰጠን ጠፍቶህ ነው?"

አሻግሬ ሃያ ስምንት ዓመት ብረቱን ሲወለውል፣ የሽማግሌውን ነገር ገብቶኛል ሲል ኖሮ፣ የገባው ለካ ብረቱ ብቻ ነው።

"አምቦ ቤትህ የመጣሁ ቀን ገና ትንሽ ይታየኝ ነበር" አለ ቦንሳ። "ይሄን ያህል።" በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጠባብ ቀለበት ሠራና ወደ ዓይኑ አስጠጋው። "የዘነበወርቅን ፊት አይቻለሁ። ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶህን አይቻለሁ፤ የድሮ ነው፣ እሱን ምን አደርገዋለሁ። በሩን ሳይ፣ በሩን ሳይ ዋልኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጠበበና በዓመቱ ተዘጋ። ስለ ጠመንጃው አልቀየምህም። አንተን ሳላይ ነው የጠፋብኝ፤ ያንን ግን እንዴት እንደምተወው አላውቅም።"

እጁን ዘረጋ። አሻግሬ ሊጨብጠው ሲል ቦንሳ አልፎት ወደ ፊቱ ወሰደው። በተሰነጣጠቀ የገበሬ ጣቱ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ቀስ ብሎ ዳበሰ። እርጥቡን ሲያገኘው ቆም አለ፤ አልጠረገውም። ከዚያ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ።

"ፀጉርህ ሸበተ?" አለው።

"ሸበተ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም፤ አንድ ጥቁር የለውም።"

"እኔ የማውቀው ጥቁሩን ነው" አለ ቦንሳ፤ እጁንም ከአሻግሬ ራስ ላይ ሳያነሣ ብዙ ቆየ።